ጆርጅ ዴ ሄቬሺ

ጆርጅ ዴ ሄቬሺ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። በጀርመን አገር ተምሮ በ1908 የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። በ1911 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በማንችስተር ከተማ በታላቁ ሊቅ በኧርነስት ራዘርፎርድ ሥር ምርምር ጀመረ።

ራዘርፎርድ ለወጣቱ የሰጠው ሥራ ራዲየም ዲ የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር እርሳስ ከሚባለው ብረት መለየት ነበር። ሄቬሺ ሁለት ዓመት ያህል ደከመ፤ ዳሩ ግን ሁለቱ በኬሚካዊ ጠባያቸው አንድ ስለሆኑ አልተሳካለትም። ሆኖም ከዚሁ ውድቀት አንድ ታላቅ ሐሳብ አፈለቀ። ሁለቱ የማይለያዩ ከሆነ፣ ጥቂት ጨረር አመንጪ ከእርሳሱ ጋር ቢቀላቀል እርሳሱ በሄደበት ሁሉ አብሮ እየተጓዘ መንገዱን ያመለክታል። በ1923 በዚህ ዘዴ እርሳስ በባቄላ ተክል ውስጥ ከሥር ወደ ግንድና ወደ ቅጠል እንዴት እንደሚዘዋወር መረመረ።

በ1935 ደግሞ በኮፐንሃገን ከባልደረባው ጋር ሆኖ ጨረር አመንጪ ፎስፈረስ ለአይጦች ሰጠ። ፎስፈረሱ ወደ አጥንታቸው ገባ፤ ውሎ አድሮም ከፊሉ ከአጥንቱ ወጣ። በዚህም አጥንት እንደ ድንጋይ የረጋ ነገር ሳይሆን ዘወትር የሚፈርስና የሚታነጽ ሕያው አካል መሆኑ ታወቀ።

በሆስፒታሎች የሚደረገው የኑክሌር ሕክምና የአጥንት ምርመራ የቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው። ቴክኒሺየም ከተባለ ጨረር አመንጪ ጋር የተጣመረ የፎስፌት ውሑድ ለበሽተኛው በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ይህ ዓይነቱ መድኃኒት የተገኘው በ1971 ነው። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ቆይቶም ልዩ ካሜራ አጥንት በብርቱ የሚታነጽበትን ስፍራ አጉልቶ ያሳያል። ነገር ግን የጎላ ስፍራ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ስብራት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የአጥንት መመርቀዝ፣ በልጆች ዘንድም ጤናማ የአጥንት እድገት ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣሉ። በአንጻሩ አጥንትን እያፈረሱ ሳይጎሉ የሚያልፉ የካንሰር ዓይነቶች አሉ። ስለሆነም ሐኪሙ የበሽተኛውን የሕመም ታሪክ ሳይጠይቅና ከራጅ ጋር ሳያመሳክር ቢፈርድ ጤነኛውን ሊያስደነግጥ፣ በሽተኛውንም ያለ ሕክምና ሊያሰናብት ይችላል።

ሄቬሺ በ1943 ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ ስዊድን ተሰደደ። ስለዚሁ የመከታተያ ዘዴው የ1943ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1966 በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ አረፈ። በሥራውም የኑክሌር ሕክምና አባት ለመባል በቅቷል።