ከክንፉ ሥር እህል ያንጠለጠሉት አብራሪ

ጊዜው ግንቦት 1939 ዓ.ም ነው። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከስዊድን ዋና ከተማ ከስቶክሆልም ተነሣች። መድረሻዋ አዲስ አበባ ነበር። በመካከሉ ባሕር አለ፤ በረሃ አለ፤ ተራራ አለ። አብራሪው ግን መንገድ ላይ አርፈው ነዳጅ ለመቅዳት አላሰቡም። ተጨማሪ ነዳጅ ጭነው ከ30 ሰዓት በላይ በረሩ፤ 6 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጠውም አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

አውሮፕላኗ ሳፊር ትባላለች። የስዊድኑ ሳዓብ ኩባንያ የሠራት የበረራ ማሠልጠኛ ናት። ለዚያ ዘመን ትንሽ አውሮፕላን ያለ ዕረፍት ይህን ያህል መብረር የሚያስደንቅ ነበር። አብራሪው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ነበሩ። ኢትዮጵያን ሲያዩ ግን የመጀመሪያቸው አልነበረም።

ቮን ሮዘን ነሐሴ 1901 ዓ.ም በስዊድን ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ኤሪክ ቮን ሮዘን አገር አሳሽ ነበሩ። የእናታቸው እኅት ደግሞ በኋላ የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የሆነውን ኸርማን ጎሪንግን አግብታ ነበር። ወጣቱ ካርል ጉስታቭ ልባቸው ከአውሮፕላን ጋር ነበር፤ በአየር ላይ ትርኢት ኑሯቸውን ጀመሩ።

ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ያን ትርኢት ትተው በ1928 ዓ.ም ከቀይ መስቀል ጋር ለመሥራት መጡ። ቁስለኛ አመላለሱ፤ መድኃኒት አደረሱ። በሰሜን ግንባር የመርዝ ጋዝ ቆዳቸውን ያቃጠላቸውን ሰዎች በዓይናቸው አዩ። በመጋቢት ወር ያበሯት የነበረችውን የቀይ መስቀል ምልክት ያለባትን ፎከር አውሮፕላን የጠላት አውሮፕላኖች ኮረም ላይ በቆመችበት ደብድበው አወደሟት። ወጣቱ አብራሪ የቀይ መስቀል ምልክት ሰውን ከቦምብ እንደማያድን የተረዱት በዚህች ምድር ነው።

ይህ ትምህርት ኋላ ላይ በሥራቸው ታየ። በ1932 ዓ.ም ፊንላንድ በሶቪየት ኅብረት ስትጠቃ ዲሲ 2 የተባለ የመንገደኞች አውሮፕላን ገዝተው ሰጡ። አውሮፕላኑ ቦምብ እንዲጥል ተደርጎ ተለወጠ፤ እርሳቸውም ራሳቸው ወደ ውጊያ አበረሩት። ያ አውሮፕላን እስከ ዛሬ በፊንላንድ ተጠብቆ ይገኛል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው አሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ቢሾፍቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ዳግም በማቋቋም የኢትዮጵያ ወጣቶች አብራሪና መካኒክ ሆነው እንዲወጡ ደከሙ። የግንቦት 1939ኙ በረራም የዚህ ሥራ አካል ነበር፤ ሳፊር አውሮፕላኖች የኢትዮጵያ ዕጩ አብራሪዎች መሠልጠኛ ሆነው አገልግለዋልና።

በ1960 ዓ.ም በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ቢያፍራ ስትራብ የምድር ተኩስን ለማምለጥ በጣም ዝቅ ብለው እየበረሩ ለተራቡት ምግብ አደረሱ። በዓመቱ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ኤምኤፍአይ 9 በተባሉ ጥቃቅን አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር ሮኬት አስገጥመው የናይጄሪያን የአየር ማረፊያዎች አጠቁ። ይህ ሥራቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንዱ የተራበ ሕዝብ ጠበቃ ይላቸዋል፤ ሌላው የረድኤት ሰው መሣሪያ ማንሣት አልነበረበትም ይላል።

የሕይወታቸው የመጨረሻ ምዕራፍ እንደገና ኢትዮጵያ ሆነ። በ1966 ዓ.ም አገሪቱ በድርቅና በረኃብ ተመትታ ነበር። እህል ወደብ ላይ ቢደርስም ገደልና ሸለቆ ከከበበው ቀበሌ የሚያደርሰው መንገድ አልነበረም። የጭነት መኪና አይገባም፤ የጋማ ከብቱም በድርቁ አልቋል። ገበሬው እርዳታ ፍለጋ ቀዬውን ጥሎ ከወጣ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ የሚያርስ እጅ አይኖርም።

ቮን ሮዘን መፍትሔውን ከሚያውቁት ነገር ፈለጉ። ኤምኤፍአይ 15 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ከክንፎቹ ሥር መሣሪያ የሚሸከም መስቀያ አለው። በዚያ መስቀያ ላይ የእህል ከረጢት አንጠለጠሉ። ዝቅ ብለው እየበረሩ ከረጢቱን ከሰፈሩ አጠገብ መጣል ጀመሩ። አንድ ትንሽ አውሮፕላን የሚሸከመው እህል ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መኪና የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። እህሉ ወደ ገበሬው ሲመጣ ገበሬው ከመሬቱ አይነቀልም።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም ቮን ሮዘን ኦጋዴን ውስጥ ጎዴ ነበሩ። የሶማሊያ ወረራ በከተማዋ ላይ ድንገት በተከፈተበት ጊዜ ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ነበር። በአየር ላይ ከብዙ ጥይትና ቦምብ የተረፉት አብራሪ የሞቱት ምድር ላይ ሆነው፣ ለተራቡ ሰዎች በሚሠሩበት ወቅት ነው።

አስከሬናቸው ወደ ስዊድን አልተመለሰም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሳያርፉ በርረው በደረሱባት በአዲስ አበባ ተቀበሩ። በአንድ ዓይነት መስቀያ ሮኬትም እህልም የተሸከሙት እኒህ ሰው፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻ ጭነታቸው እህል ነበር።