ደጅ ጥናት ያልወደዱት ሴት፦ የአሊስ ሚሊያ የሕይወት ታሪክ



ባለፉት ሁለት ወራት በስብሰባችን ብዙ ያከራከረን የሴት ልጆቻችን የእግር ኳስ ቡድን ጉዳይ እንደነበር አባላት ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ ከማኅበራዊ መዋጮአችን በተገዛች አንዲት ኳስ ጀምረው እዚህ ደርሰዋል። አሁን በአካባቢያችን ያለ አንድ የስፖርት ክለብ ሜዳም አሰልጣኝም ስላለኝ በእኔ ስር ይግቡ ብሏል። የሚሰጣቸው የልምምድ ጊዜ ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የራሳቸውንም ቡድን እንዲያፈርሱ ይፈልጋል። ግማሾቻችን ዕድሉ አይለፈን አልን። ግማሾቻችን ደግሞ በገዛ እጃችን የሠራነውን ለምን እንበትናለን አልን። ሳንስማማ ተለያየን።

በዚህ መሃል ከመቶ ዓመት በፊት ይኸው ጥያቄ የገጠማቸውን አንዲት ፈረንሳዊት ሴት ታሪክ አገኘንና ተራ በተራ አነበብነው። ለእኛ የጠቀመን ለእናንተም ይጠቅማል ብለን እነሆ ጽፈነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ አሊስ ሚሊያ በ1884 በምዕራብ ፈረንሳይ በናንት ከተማ ከተራ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። በ1904 ለንደን ውስጥ የአገራቸውን ልጅ ጆሴፍ ሚሊያን አገቡ። ትዳሩ ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ በ1908 ባለቤታቸው ሞቱባቸው። ልጅ አልወለዱም። በሃያዎቹ ዕድሜአቸው ብቻቸውን ቀሩ።

እንግሊዝ አገር ግን ሁለት ነገር ሰጠቻቸው፤ ቋንቋና ስፖርት። በቋንቋው በኋላ በአስተርጓሚነት እንጀራቸውን በሉበት፤ ከብዙ አገር ሴቶች ጋርም ተጻጻፉበት። ከስፖርቱ ደግሞ የጀልባ ቀዘፋን ወደዱ። ወደ ፈረንሳይ ተመልሰው ፓሪስ ሲኖሩ ፌሚና ስፖርት በተባለ የሴቶች ክለብ ውስጥ ገቡ፤ በ1915ም ፕሬዚዳንቱ ሆኑ።

ዘመኑ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ነበር። ወንዶቹ ወደ ግንባር ዘምተው ሴቶች ፋብሪካውንም ቢሮውንም ተሸከሙት። እንዲህ ሆኖ ሳለ የወንዶቹ የስፖርት ፌዴሬሽኖች ሴቶችን በአባልነት አይቀበሉም ነበር። ስለዚህ የሴቶች ክለቦች ተሰባስበው በ1917 የራሳቸውን ፌዴሬሽን አቋቋሙ። ወይዘሮ አሊስ በፌዴሬሽኑ መጀመሪያ ገንዘብ ያዥ ነበሩ፤ በ1919 ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከእኛ መካከል የሣጥን ቁልፍ የያዘች ሁሉ እንደምታውቀው፣ ማኅበር የሚቆመው በንግግር ሳይሆን በሒሳብ ነው። እሳቸውም ሥራውን የጀመሩት ከዚያው ነው።

እግር ኳስ ወደ ፈረንሳይ ሴቶች የገባው በዚሁ ወቅት ነው። በ1917 መስከረም ወር የፌሚና ስፖርት ልጃገረዶች ለሁለት ተከፍለው እርስ በርሳቸው ተጫወቱ። በእንግሊዝ ደግሞ በፕሬስተን ከተማ ዲክ ከር በተባለ ፋብሪካ ለጦርነቱ ጥይት ይሠሩ የነበሩ ሴቶች በፋብሪካው ስም ቡድን አቋቁመው ነበር። ጨዋታቸው ሕዝብ ይስብ ነበር፤ ከትኬት የሚገኘውም ገንዘብ ለጦር ጉዳተኞችና ለሌላ በጎ ሥራ ይውል ነበር።

በ1920 የጸደይ ወቅት ወይዘሮ አሊስ የፈረንሳይን ሴቶች ቡድን ይዘው እንግሊዝ ገቡ። በዓለም ላይ ቀደም ካሉት የሴቶች ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ጨዋታ በፕሬስተን ዲፕዴል ስታዲየም ሲደረግ 25 ሺህ ያህል ሰው ተመለከተ። እንግሊዞቹ 2 ለ 0 አሸነፉ። በሁለተኛው በስቶክፖርት 5 ለ 2 ደገሙ። በማንችስተር አንድ እኩል ተለያዩ። በመጨረሻው በለንደን ስታምፎርድ ብሪጅ ግን ፈረንሳዮቹ 2 ለ 1 ረቱ። በዚያው ዓመት መኸር የእንግሊዝ ሴቶች በተራቸው ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው በፓሪስ፣ በሩቤ፣ በለ ሃቭርና በሩዋን ተጫወቱ። የፓሪሱ ጨዋታ የተደረገው የአሜሪካ ወታደሮች ከጦርነቱ በኋላ በሠሩት በፐርሺንግ ስታዲየም ነበር። ይህን የስታዲየም ስም ያዙት፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1920 የገና ማግስት በሊቨርፑል ከተማ የዲክ ከር ሴቶች ሲጫወቱ 53 ሺህ ሰው ስታዲየሙን ሞልቶት ነበር። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴት ልጅ አይሆንም ብሎ አባል ክለቦቹ ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። እገዳው ወደ 50 ዓመት ገደማ ጸና። ሴቶቹ መጫወታቸውን አልተዉም፤ ግን ከትልልቅ ስታዲየሞች ወጥተው በየመናፈሻው ሜዳ ቀሩ። ሜዳው የሌላ ሰው ስለነበር ባለ ሜዳው ሲዘጋ ሁሉም ተዘጋ።

ወይዘሮ አሊስ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሌላ በር ጋር ይታገሉ ነበር። በ1919 ዓለም አቀፉን የኦሎምፒክ ኮሚቴ የሴቶች አትሌቲክስ በኦሎምፒክ እንዲገባ ጠየቁ። ኮሚቴው እንቢ አለ። የኦሎምፒክ አባት የሚባሉት ፒየር ደ ኩበርታን ሴት በአደባባይ መወዳደሯን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው ነበሩ። ሴቶች በዚያን ጊዜ በቴኒስና በዋና ይፈቀድላቸው ነበር፤ ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ ግን የወንድ ተብሎ ተከልሎ ነበር።

ወይዘሮ አሊስ ደጅ ሲጠኑ አልቆዩም። በ1921 ሞንቴ ካርሎ ላይ የአምስት አገር ሴቶች የተገናኙበት ውድድር ተደረገ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን አቋቋሙና ፕሬዚዳንት ሆኑ። በነሐሴ 1922 ደግሞ የሴቶች ኦሎምፒክ ብለው የሰየሙትን ውድድር ፓሪስ ላይ አዘጋጁ። ቦታውም ከሁለት ዓመት በፊት እግር ኳስ የተካሄደበት ያው የፐርሺንግ ስታዲየም ነበር። በአንድ ቀን ውድድር ከአምስት አገሮች የመጡ ሴቶች ሮጡ፣ ዘለሉ፣ ወረወሩ። 20 ሺህ ያህል ተመልካች መጣ።

ያን ጊዜ ትልቁ ቤት ነቃ። ኮሚቴው በመጀመሪያ የተቆጣው በስሙ ነው፤ ኦሎምፒክ የሚለው ቃል የእኛ ነው አለ። ድርድሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ወይዘሮ አሊስ ስሙን ለቀቁ፤ ሁለተኛው ውድድር በ1926 በስዊድን ጎተንበርግ ሲካሄድ የሴቶች የዓለም ጨዋታዎች ተባለ። በልዋጩ በ1928 የአምስተርዳም ኦሎምፒክ የሴቶች አትሌቲክስ እንዲገባ ስምምነት ሆነ።

ስለ ጎተንበርግ ሳንነግራችሁ የማናልፈው አንድ ነገር አለ። ከጃፓን ኪኑዬ ሂቶሚ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ አገሯን ወክላ ብቻዋን መጣች። በባቡር የሳይቤሪያን ምድር አቋርጣ ነው አውሮፓ የደረሰችው። በርዝመት ዝላይ 5 ሜትር ከ50 ዘልላ አሸነፈች፤ በግል ከሁሉም በላይ ነጥብ የሰበሰበችውም እሷ ነበረች። ወይዘሮ አሊስ የሠሩት ቤት ለፓሪስ ልጆች ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል። የዓለም ሌላኛው ጫፍ ያለች ልጅ የምትሄድበት ቦታ አገኘች።

አምስተርዳም ግን የጠበቁትን አልሆነችም። ወይዘሮ አሊስ የጠየቁት ሙሉ የሴቶች አትሌቲክስ ነበር፤ የተሰጣቸው አምስት ውድድር ብቻ ነው፦ 100 ሜትር፣ 800 ሜትር፣ የዱላ ቅብብል፣ ከፍታ ዝላይና ዲስከስ ውርወራ። የእንግሊዝ ሴት አትሌቶች ይህማ ስድብ ነው ብለው ሳይሄዱ ቀሩ። ወይዘሮ አሊስ ሄዱ፤ በወንዶች መካከል ሆነው በዳኝነት ሠሩ። በ800 ሜትር ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች፤ ያቺ የሳይቤሪያ ባቡር መንገደኛ ሂቶሚ ሁለተኛ ወጣች። በማግስቱ ግን ብዙ ጋዜጦች ሴቶቹ ተዝለፍልፈው በየሜዳው ወደቁ ብለው ጻፉ። የተቀረጸው ፊልም የሚያሳየው ሌላ ነው፤ ሁሉም ሩጫውን ጨርሰዋል፣ የደከማትም እንደማንኛውም ሯጭ ነው የደከማት። ቢሆንም ወሬው ከእውነቱ ቀደመ። የ800 ሜትር ሩጫ ከኦሎምፒክ የሴቶች ውድድር ተሰረዘ፤ የተመለሰውም በ1960 ነው። 32 ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

በስብሰባችን ቆም ብለን የተነጋገርነው እዚህ ላይ ነው። ወይዘሮ አሊስ በዚህ ጊዜ የራሳቸውን ቤት አላፈረሱም። በ1930 በፕራግ፣ በ1934 በለንደን የሴቶች የዓለም ጨዋታዎችን አዘጋጁ። ኦሎምፒክ የሰረዘው 800 ሜትር በእሳቸው ውድድር ይሮጥ ነበር። በአምስት አገር የተጀመረው ፌዴሬሽንም ወደ 30 አገሮች አደገ። በ1935 ለኦሎምፒክ ኮሚቴው ቁርጥ ያለ ሐሳብ አቀረቡ፤ ወይ ለሴቶች ሙሉ ውድድር ይሰጥ፣ ወይም ሴቶቹን ከነጭራሹ ልቀቁልንና የራሳችንን እናዘጋጅ አሉ። ሁለቱም ተቀባይነት አላገኘም።

በዚያው ወቅት የፈረንሳይ መንግሥት ይሰጥ የነበረው ድጎማ ተቋረጠ። የእሳቸውም ጤና ታወከ። በ1936 የሴቶች አትሌቲክስ ሙሉ በሙሉ ወንዶች በሚመሩት ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን እጅ ገባ። የዓለም ጨዋታዎቹ አራት ጊዜ ከተካሄዱ በኋላ ቀሩ። በዚያ ዓመት በበርሊን ኦሎምፒክ ለሴቶች የተሰጠው የአትሌቲክስ ውድድር ስድስት ብቻ ነበር። የሚመኩበት ሌላ ቤት ስላልነበረ ተጨማሪ ለመጠየቅም ጉልበት አልነበረም።

የእግር ኳሱም ነገር እንዲሁ ሆነ። የፈረንሳይ ሴቶች ኳስ እየቀዘቀዘ ሄዶ የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በይፋ እስኪቀበለው ድረስ 1970 ደረሰ።

ወይዘሮ አሊስ ከስፖርቱ ርቀው ኖሩ። የፈረንሳይ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1944 ነው። እሳቸው ድምፅ የሌላት ሴት በስፖርቱም ተሰሚ አትሆንም እያሉ ከዚያ አስቀድመው ሲናገሩ ስለነበር ያን ቀን ማየታቸው ደስ ይለናል። በግንቦት 1957 ፓሪስ ውስጥ አረፉና ናንት ተቀበሩ። በመቃብራቸው ላይ ለብዙ ዓመት ስማቸው እንኳ አልተጻፈም ነበር። መታሰቢያ የቆመላቸው ቆይቶ ነው። በ2021 ሐውልታቸው በፈረንሳይ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ሕንፃ ውስጥ ቆመ። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይም ከሴን ወንዝ ዳር ከተነሡት አሥር ወርቅማ የሴት ሐውልቶች አንዱ የእሳቸው ነበር።

ለእኛስ ምን ተረፈን? አትሌቶቻችንን አስቡ። የሴቶች 1500 ሜትር ኦሎምፒክ የገባው በ1972 ነው፤ ማራቶን በ1984፣ 10 ሺህ ሜትር በ1988። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘችው በ1992፣ ውድድሩ ለሴቶች በተከፈተ በአራተኛው ዓመት ነው። ሁላችንም በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበን ያለቀስንበት ያ ቀን፣ በሩ ዘግይቶ ባይከፈት ኖሮ ስንት ታላላቅ እህቶች ሊቀድሟት ይችሉ ነበር? ጠንካራ ሴት ከዚያ በፊትም አልጠፋችም፤ የምትሮጥበት ውድድር ነው የጠፋው።

ወደ ልጆቻችን ጉዳይ እንመለስ። ታሪኩን አንብበን ስንጨርስ ክርክራችን በረደ። ወይዘሮ አሊስ ወደ ትልቁ ቤት መግባታቸው ስህተት ነበር የሚል ከመካከላችን አልተገኘም፤ ሳይገቡ ቢቀሩ አምስቱም ውድድር ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን የራሳቸው ቤት በቆመበት ዘመን ነው የተሰሙት፤ ቤቱ ሲፈርስ ድምፁም አብሮ ፈረሰ። ስለዚህ የወሰንነው ይህን ነው፦ ልጆቻችን በክለቡ ሜዳ ይለማመዱ፣ አሰልጣኙንም እናመሰግናለን። ቡድናቸው ግን በስሙ ይቀጥላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በራሳቸው ሜዳ ይጫወታሉ፤ ኳስና ማሊያ የሚገዛው ከማኅበራዊ መዋጮአችን ይሆናል። ክለቡ ይህን ካልተቀበለ የራሳችንን እንቀጥላለን።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ እናንተንም ስናነብ አሰብናችሁ። የእናንተ እጅ ብዙ ጊዜ ደግፎናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ድጎማ ሲቋረጥ የወደቀውን የወይዘሮ አሊስን ሥራ ካየን በኋላ ግን የቡድኑን ወጪ ቢያንስ ግማሹን ከራሳችን ቁጠባ እንድንሸፍን ተስማምተናል። የሰጣችሁን እንዲቆይ ብለን ነውና ቅር አይበላችሁ።

በመጨረሻም ጸሐፊያችን ቡድኑን የጀመሩትን የአሥራ አንዱንም ልጆች ስም ከነአባታቸው በቃለ ጉባኤ መዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋለች። ሌላው ቢቀር ስማቸው አይጠፋም።