የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል ራሱን ችሎ የኖረው የካፋ መንግሥት የመጨረሻ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በዙፋን ላይ የቆዩት ለሰባት ዓመታት ብቻ ነበር። በግዞት ያሳለፉት ዘመን ግን ከሃያ ዓመት ይበልጣል። የእኚህ ንጉሥ የሕይወት ታሪክ አንድ ትንሽ መንግሥት በአንድ ሰፊ መንግሥት ውስጥ እንዴት እንደተጠቃለለ፣ ለዚህም ምን ዓይነት ዋጋ እንደተከፈለ የሚያሳይ ነው።

የካፋ ምድር ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ደጋና ወይናደጋ አገር ነው። የአካባቢው ትውፊት መንግሥቱን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የመሠረተው የሚንጆ ጎሳ መሆኑን ያወሳል። በሰሜን የጎጀብ፣ በምሥራቅ የኦሞ ወንዝ አገሩን ከጎረቤቶቹ ይለዩታል። ወንዝና ደን በማይከላከሉት አቅጣጫ ሁሉ ደግሞ ሕዝቡ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ፣ የእንጨት አጥር አጥሮ፣ መግቢያና መውጫውን ጠባቂዎች በተመደቡባቸው በሮች ወስኖ ይኖር ነበር። ካፋ ባሕር ባይከበውም በአሠራሩ እንደ ደሴት ያለ መንግሥት ነበር ማለት ይቻላል።

ንጉሡ በካፋ ቋንቋ ታቶ ይባላል። ታቶው በሕዝብ ዘንድ እንደ ቅዱስ የሚታይና በቀላሉ የማይቀረብ ቢሆንም፣ ያሻውን ሁሉ ብቻውን የሚወስን አልነበረም። ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ያሉት ሸንጎ በመንግሥቱ ጉዳይ ላይ ይመክር፣ ንጉሥ ሲሞትም በተተኪው ላይ ይወስን ነበር። ዋና ከተማዋ አንድራቻ የታቶው መቀመጫ ስትሆን፣ ቦንጋ የንግድ ማዕከል ነበረች። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማር፣ ቡናና ባሪያ የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች ከዚያ ተነሥተው በጅማ በኩል ወደ ሰሜን ይጓዙ ነበር። ካፋም ራሱ በኃያልነቱ ዘመን በዙሪያው ያሉትን ትናንሽ ሕዝቦች በጦር አስገብሮ የሰፋ መንግሥት እንደነበረ መዘንጋት አይገባም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ይህ ተከልሎ የመኖር ዘመን ማክተም ጀመረ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ አባ ማስያስ በካፋ ለጥቂት ጊዜ ቆይተው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ቀጥሎም የጎጃም ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘልቆ ካፋን ማስገበር ቻለ። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ ተዋግተው ምኒልክ ድል ሲያደርጉ፣ ከጊቤ ወንዝ ማዶ ያለውን አገር የማስገበሩ ዕድል ወደ ሸዋ ዞረ።

ጋኪ ሸሮቾ በ1882 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ በፊታቸው የነበረው ጥያቄ ግልጽ ነበር። ገብሮ ማደር ወይም መዋጋት። የጎረቤታቸው የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ሁለተኛ የመጀመሪያውን መርጠዋል። ለምኒልክ በወቅቱ ግብር በማስገባት መንግሥታቸውን፣ ሃይማኖታቸውንና የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ደግሞ ሁለተኛውን መርጠው በ1887 ዓ.ም. ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ተማርከዋል። ታቶ ጋኪ የሁለቱንም ጎረቤቶቻቸውን ዕጣ እያዩ ነው በደናቸውና በቦያቸው ተማምነው አልገብርም ያሉት። ከዚያ ቀደም ወደ ካፋ የዘመቱ የሸዋ ጦር ክፍሎች አገሩን ሙሉ በሙሉ ሳይዙ መመለሳቸውም ይህን እምነታቸውን ሳያጠናክረው አልቀረም።

ሁኔታው የተለወጠው ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል በኋላ ነው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በሰሜን ያለው ጦርነት ካበቃ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ደቡብና ምዕራብ ወሰኖች መለሱ። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ከኡጋንዳ፣ ፈረንሳዮች ከኮንጎ ተነሥተው ወደ ነጭ ዓባይ ይገሰግሱ ነበር። የጣሊያኑ አሳሽ ቦቴጎም በኦሞ ወንዝ አካባቢ ይዘዋወር ነበር። በአውሮፓውያኑ የቅርምት ሕግ አንድ አገር የእኔ ነው የሚባለው በተጨባጭ ሲያዝ ብቻ በመሆኑ፣ ካፋን ማስገበር ለንጉሠ ነገሥቱ የግብር ብቻ ሳይሆን የወሰንም ጉዳይ ሆነ።

በ1889 ዓ.ም. የዘመተው ጦር ጠቅላይ አዛዥ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ነበሩ። ደጃዝማች ተሰማ ናደው ከኢሉባቦር፣ ደጃዝማች ደምሰው ከወለጋ በኩል ሲገቡ፣ የአባ ጅፋር ጦርም ከዘማቹ ጎን ተሰለፈ። በድምሩ 30 ሺህ ገደማ የሚገመተው ይህ ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። የካፋ ተዋጊዎች ዋነኛ መሣሪያ ግን ጦርና ጋሻ ሲሆን፣ በእጃቸው የነበሩት ጥቂት መቶ ጠመንጃዎችም ያረጁ ነበሩ። ለዘመናት ፈረሰኛን ሲያግድ የኖረው ቦይ ከብዙ አቅጣጫ ለመጣና ከሩቅ ለሚተኩስ ጦር አልበገር ሊል አልቻለም። አንድራቻ ተይዛ የዘማቹ ሠፈር ሆነች።

ዋና ከተማዋ ብትያዝም ጦርነቱ አላበቃም። ታቶ ጋኪ ጥቂት ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ደን ገቡ። ዘማቹም ንጉሡ ካልተያዙ አገሩ እንደማይገብር ስለተረዳ ደኑን ማሰስ፣ መንደር ማቃጠልና ሰብል ማጥፋት ያዘ። ይህ ሁኔታ ለዘጠኝ ወራት ያህል ቀጠለ። በመካከሉ የተጎዳው ሰላማዊው ገበሬ ነበር። ረሀብና በሽታ ገባ፣ ብዙ ሰው በምርኮ ተነዳ። በመጨረሻም በመስከረም 1890 ዓ.ም. ንጉሡ ተያዙ።

ታቶው ለንጉሥነታቸው ክብር ሲባል በብር ሰንሰለት ታስረው ወደ አዲስ አበባ እንደተወሰዱ ይነገራል። በካፋ ሽማግሌዎች ትውፊት መሠረት ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን አውልቀው ወደ ወንዙ በመጣል የካፋ ነገሥታት ዘመን ማብቃቱን አስታውቀዋል። በሰጎን ላባ ያጌጠው የካፋ ዘውድም ለአጼ ምኒልክ ደረሰ። ዘውዱ የመንግሥቱ ሕልውና መለያ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ የእሱ መወሰድ ለካፋ ሰው ከንጉሡ መማረክ የማይተናነስ ሐዘን ነበር። በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ በነበሩት ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ወደ ስዊዘርላንድ ተወስዶ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

የንጉሡ የግዞት ሕይወት ከአንኮበር እስከ ደሴ የተዘረጋ ነው። በመጀመሪያ በአንኮበር፣ በኋላም በደሴ በንጉሥ ሚካኤል ዘንድ እንዲቆዩ ተደረገ። አጼ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ታቶ ጋኪ አሁንም እስረኛ ነበሩ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሲሆኑ እስረኛው ንጉሥ ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። ካፋን የያዙት ወልደ ጊዮርጊስ የንጉሥነት ማዕረግ አግኝተው በ1910 ዓ.ም. አረፉ። ታቶ ጋኪ ማራኪያቸውን በአንድ ዓመት ገደማ ቀድመው ሳይሆን ተከትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከተማረኩ በኋላ በካፋ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሌላ ታቶ የለም።

በንጉሡ እግር የተተካው ሥርዓት ለሕዝቡ ቀላል አልነበረም። መሬቱ ለዘማቾችና ለሹማምንት ተከፋፍሎ ባለይዞታው ገበሬ ገባር ሆነ። የባሪያ ንግድም ተባብሶ ቀጠለ። ከጦርነቱ በኋላ በአካባቢው የተዘዋወሩ የውጭ አገር ተጓዦች ጠፍ የሆኑ መንደሮችንና ደን የዋጣቸውን የቀድሞ እርሻዎች እንዳዩ ጽፈዋል። በሌላ በኩል ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1890 ዓ.ም. ከካፋ ተነሥተው እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ድረስ በመዝለቅ፣ ደጃዝማች ተሰማም በዚያው ዓመት ወደ ነጭ ዓባይ ጦር በመላክ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ወሰን መልክ እንዲይዝ አድርገዋል። የአንዱ መንግሥት መጨረሻ ለሌላው የወሰን መጀመሪያ ነበር።

ዘመኑ በሌላውም ዓለም ትናንሽ መንግሥታት የሚዋጡበት ነበር። ካፋ በተያዘ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1898፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገኘው የሃዋይ ደሴቶች አገር ከአሜሪካ ጋር እንዲቀላቀል ተደርጓል። ከአምስት ዓመታት በፊት ከዙፋን የወረዱት ንግሥት ሊሊኡኦካላኒም እንደ ታቶ ጋኪ ሁሉ ከመንግሥታቸው በኋላ ረጅም ዘመን ኖረው እ.ኤ.አ. በ1917 አርፈዋል። ልዩነቱ የሃዋይ ንግሥት ታሪካቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈው ማለፋቸው ነው። የታቶ ጋኪን ታሪክ በአብዛኛው የምናገኘው ከማራኪዎቻቸው ወገንና ከውጭ ተጓዦች ጽሑፍ፣ እንዲሁም ከካፋ ሽማግሌዎች አንደበት ነው።

የታቶ ጋኪ ውሳኔ ትክክል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል። እንደ አባ ጅፋር ገብረው ቢሆን ኖሮ ሕዝባቸውን ከዘጠኝ ወር እልቂት ማዳን ይችሉ ነበር የሚል ሐሳብ አለ። የጅማ መንግሥት እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ የውስጥ ነጻነቱን ጠብቆ መቆየቱ ለዚህ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ይሁንና ጅማም በመጨረሻ በማዕከላዊው አስተዳደር ሥር መጠቃለሉ አልቀረም። ስለዚህ በሁለቱ ነገሥታት መካከል ያለው ልዩነት የመጠቃለልና ያለመጠቃለል ሳይሆን፣ የጊዜና የተከፈለው ዋጋ ልዩነት ነው። ያንን ዋጋ ደግሞ በዋነኛነት የከፈለው ከንጉሡ ይልቅ ገበሬው ነው።

ዛሬ ካፋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የሚገኝ ዞን ነው። ቦንጋም ከክልሉ መዲናዎች አንዷ ናት። በአንድ ወቅት ለታቶው መሸሸጊያ የሆነው የዱር ቡና መገኛ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የታቶዎቹን ዘመን የሚያስታውሱት ቦዮች ግን በአፈርና በቁጥቋጦ እየተሞሉ ይገኛሉ። የነገሥታቱን ታሪክ በቃል የሚያውቁ አዛውንቶች ቁጥርም ከዓመት ዓመት መመናመኑ አይቀርም። የመጨረሻው ታቶ በራሳቸው እጅ የጻፉት ታሪክ ባለመኖሩ፣ እነዚህ ቦዮችና ይህ ትውፊት የካፋ ወገን ምስክሮች ናቸው። ሳይጠፉ ተለክተውና ተመዝግበው መቀመጥ ያለባቸውም ለዚሁ ነው።