ተዋጥተው የበረሩት ሰው፤ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን አጭር የሕይወት ታሪክ

የዕድራችን ጸሐፊ ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ነገር ጻፍ ሲሉኝ፣ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ የጨረስኩ ሰው ምን እጽፋለሁ ብዬ አመንትቼ ነበር። ኋላ ግን አንድ ሰው ትዝ አሉኝ።

ባለፈው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ፀሐይ የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ከኢጣሊያ አገር ተመልሳ መምጣቷን ሁላችንም በሬዲዮ ሰምተናል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች፣ ጠላት ወስዷት የነበረች ናት። ስለ አውሮፕላኗ ብዙ ተወራ፤ ደግ ነው። ነገር ግን በዚያ ክፉ ዘመን የአገራችንን አየር ኃይል ያዘዙት ሰው ማን ነበሩ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከመቶ አንዱ እንኳ የሚመልስ አይመስለኝም። እኒያ ሰው ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ናቸው።

ጆን ሮቢንሰን በ1896 ዓ.ም. ገደማ ፍሎሪዳ በምትባለው የአሜሪካ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለሞቱ እናታቸው ይዘዋቸው ወደ ሚሲሲፒ ሄደው ጋልፍፖርት ከተማ ተቀመጡ። በዚያም እናታቸው ሌላ ባል አገቡ፤ እንጀራ አባታቸው በባቡር ጥገና የሚሠሩ ደግ ሰው ስለነበሩ እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው። ያን ጊዜ በዚያ አገር ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር ባንድ ወንበር አይቀመጥም፣ ባንድ ትምህርት ቤት አይማርም ነበር። ልጁ ግን አውሮፕላን ካዩበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም ይባላል። ጥቁሮች በሚማሩበት በተስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተምረው ወጡ፤ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ተሻግረው ቺካጎ ከተማ በመካኒክነት ተቀጠሩ።

ቺካጎ ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን ልማር ብለው አመለከቱ፤ ጥቁር አንቀበልም ተባሉ። ታዲያ ምን አደረጉ? እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ! መጥረጊያ ይዘው ክፍሉን እየጠረጉ ትምህርቱን ያዳምጣሉ፤ ተማሪው ሲወጣ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ይገለብጣሉ። ቤታቸው ሲመለሱ ደግሞ ከጓደኞቻቸው ጋር ተሰብስበው ያንኑ ያጠናሉ። ከነዚህ ጓደኞች ዋናው ኮርኔሊየስ ኮፊ የሚባል መካኒክ ነበር።

ጓደኛሞቹ ተፈታቶ በሳጥን የሚሸጥ፣ ሂዝ ፓራሶል የሚባል የአንድ ሰው ቀላል አውሮፕላን ገዝተው ራሳቸው ገጣጠሙት። ሞተሩ የሞተር ብስክሌት ሞተር ነው። ከትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች አንዱ መጥቶ መረመረው፤ አስነሥቶም በረረበት፤ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤቱ በሩን ከፈተላቸው። ሮቢንሰንና ኮፊ በማዕረግ ጨርሰው ሲወጡ ያው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩለት ጠየቃቸው። በመጥረጊያ የገቡት ሰው በጠመኔ ወጡ ማለት ነው።

እንግዲህ የኔን ልብ የነካው ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ትምህርቱ ተገኘ፤ ነገር ግን አውሮፕላን አለኝ ማለት ቀላል አይደለም። ዋጋው አለ፣ ቤንዚኑ አለ፣ ማደሪያው አለ፤ በዚያ ላይ የነጮቹ ሜዳ ጥቁር አያሳርፍም። ስለዚህ ቻሌንጀር የአብራሪዎች ማኅበር የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። እንደ እኛው እያዋጡ፣ ሮቢንስ በምትባል ጥቁሮች በሚያስተዳድሯት ትንሽ ከተማ መሬት አግኝተው፣ ዛፉን ቆርጠው፣ ድንጋዩን ለቅመው በገዛ እጃቸው ሜዳ ደለደሉ። ጃኔት ሐርመን የምትባል ነርስ በደመወዟ አውሮፕላን ገዝታ አባሎቹ እንዲማሩባት ሰጠች። ብዙም ሳይቆይ ማዕበል መጥቶ መጠለያውንም አውሮፕላኖቹንም ሰባበረው። ድንኳኑን ንፋስ የወሰደበት ዕድር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ አንዳንዱ ይበተናል። እነሱ ግን አልተበተኑም፤ ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውረው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1926 ዓ.ም. ሮቢንሰን በትንሽ አውሮፕላን ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወደ ተስኪጊ በረው ጥቁር ወጣቶች በረራ እንዲማሩ አሳሰቡ። ዓመታት ቆይቶ በዓለም ጦርነት ስመ ጥር የሆኑት የተስኪጊ አብራሪዎች ከዚያው ወጡ።

በዚህ መካከል ፋሺስት ኢጣሊያ በአገራችን ላይ ጦር ታዘጋጅ ጀመር። በአሜሪካ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ስለ ሮቢንሰን ሰምተው አገናኟቸው፤ ከቤተ መንግሥትም ጥሪ ደረሳቸው፤ በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ተነሥተው መጡ። አመጣጣቸው ግን ቀላል አልነበረም። ከእሳቸው በፊት ጁሊያን የሚባል የትሪኒዳድ ተወላጅ ጥቁር አብራሪ መጥቶ፣ በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ዋዜማ የጃንሆይን አዲስ ሞዝ የምትባል ቀላል አውሮፕላን ሰባብሯት ስለነበር ሁሉም በጥርጣሬ ነበር የሚያያቸው። አንዱ ባጠፋው ሌላው መታማቱ የቆየ ነው። ሮቢንሰን ግን በሥራቸው አሳመኑና ኮሎኔል ተብለው የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ።

አየር ኃይል ስንል አሁን እንደምናውቀው አይምሰላችሁ። አውሮፕላኖቹ ሃያ አምስት እንኳ አይሞሉም፤ ግማሾቹ አሮጌ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። የአገራችን ከፍታ ደግሞ ራሱን የቻለ ጠላት ነው። እኛ ባለንበት በጎንደር ከፍታ፣ ማለት ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ግድም፣ አየሩ ስለሚሳሳ የዚያን ዘመን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ክንፉም እንደ ቆላው አያነሣም፤ ረጅም ሜዳ ይሮጣል። ወደ ሰሜን ሲያልፉ ደግሞ ከ4500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሸን አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ያለ ሬዲዮ፣ በዓይን ብቻ እየተመሩ፣ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ወደ ጦር ግንባር አመላለሱ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ዐድዋን በቦምብ ሲደበድብ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበሩ። በጦርነቱ ቆስለዋል፣ የመርዝ ጋዝም አግኝቷቸዋል።

የኛ ጎንደር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች። ኮሎኔሉም አውሮፕላኖቹ አልቀው፣ ሌላ ማድረግ የሚቻል ነገር ሲጠፋ፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቺካጎ ላይ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ወጥቶ ተቀበላቸው። እሳቸውም የበረራ ትምህርት ቤት ከፍተው ወጣቶችን አስተማሩ።

ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ኮሎኔሉም ኢትዮጵያን አልረሱምና በ1936 ዓ.ም. መካኒኮችና አስተማሪዎች አስከትለው ተመልሰው መጡ፤ የአየር ኃይል ወጣቶችንም ማሠልጠን ጀመሩ። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ሁሉም መልካም አልነበረም። በኋላ አየር ኃይሉን እንዲመሩ ከመጡት ስዊድናዊ ከካውንት ፎን ሮዘን ጋር አልተስማሙም፤ እስከ መደባደብ ደርሰው ታሰሩም። ሰው ናቸውና ቁጣ ነበረባቸው። ቢሆንም አኩርፈው አገራቸው አልገቡም፤ እዚሁ ቀሩ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ኤል አምስት በምትባል የሁለት ሰው ቀላል አውሮፕላን፣ እንደሚተረከው ለሕመምተኛ የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበሩ፣ አዲስ አበባ ላይ ወደቁ። አብሯቸው የነበረው ኢጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር፤ ያም ሞተ። የእግዜር ሥራ ይገርማል፤ ከኢጣሊያ ጋር የተዋጉ ሰው ከኢጣሊያናዊ ጋር ባንድ አውሮፕላን ሰው ለማዳን ሲሉ ሞቱ። ኮሎኔሉ በቃጠሎው ጥቂት ቀን ታመው መጋቢት 18 ቀን ዐረፉ። እናት የለ፣ ወንድም የለ በሰው አገር፤ ግን የአዲስ አበባ ሕዝብ ወጥቶ በክብር ቀበራቸው።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁና ላብቃ። እኔ ልጅ ሳለሁ ጃን አሞራ ውስጥ የአጎቴ ሚስት በወሊድ ደም ፈሷት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጎንደር ሲያመጣት በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ሞተች። የወጣችበት ቃሬዛ ሬሳዋን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማይ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ባየሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች።

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ አንዳንድ አባሎች ከወርኃዊ መዋጮአችን ጥቂት ተቀንሶ ለሕመምተኛ ማመላለሻ ይቀመጥ ሲሉ፣ ሌሎቻችን ዕድር የሙት እንጂ የሕያው አይደለም ብለን ተከራክረን ነበር። ከተከራካሪዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። አሁን ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። እነዚያ የቺካጎ ሰዎች የተዋጡት ለመቀበር አይደለም፤ ለመነሣት ነው። እኛም አውሮፕላን እንግዛ አላልኩም! ለመኪና ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ግን አያቅተንም። በሚመጣው ስብሰባ ነገሩ ሲነሣ ድምፄን ለሕመምተኛው እሰጣለሁ፤ እናንተም አስቡበት።

የኮሎኔል ሮቢንሰንን ነፍስ ይማር። ለእኛም ዕድሜና ጤና ይስጠን።