የባለ ወፍጮው ልጅ

የሎርድን ስም የማያውቅ ካቶሊካዊ ምእመን ጥቂት ነው። ሆኖም የቅድስት በርናዴት ሱቢሩ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከማሳቢየል ዋሻ ነው። እኛ ግን በዚህ እትም ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብለን ከአባቷ ወፍጮ ቤት እንነሣለን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

በርናዴት ጃንዋሪ 7 ቀን 1844 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሎርድ ከተማ፣ ቦሊ በተባለው የውሃ ወፍጮ ቤት ተወለደች። አባቷ ፍራንስዋ ለድኻ ደንበኛ በዱቤ የሚፈጭ ደግ ሰው ነበር። አንድ ቀን የወፍጮውን ድንጋይ ሲወቅር የተፈናጠረ ስባሪ አንድ ዓይኑን አጠፋው። ሥራው እያሽቈለቈለ ሄዶ በ1854 ኪራዩን መክፈል ተሳነውና ቤተሰቡን ይዞ ወጣ፤ የቀን ሠራተኛም ሆነ። ሥራ የተገኘ ዕለት ይበላል፤ ያልተገኘ ዕለት ጦም ይታደራል።

በ1857 መጀመሪያ ላይ ስድስቱ የቤተሰቡ አባላት ለእስረኛ እንኳ አይበጅም ተብሎ በተተወ በቀድሞ ወኅኒ ቤት አንዲት ክፍል ገቡ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ሁለት ጆንያ ዱቄት ቢጠፋ ፍራንስዋ ተያዘ። ያስጠረጠረው ድኽነቱ ብቻ ነበርና ከሳምንት ያህል በኋላ ማስረጃ ጠፍቶ ተለቀቀ።

የዚህ ሁሉ ዕዳ በበኵሯ ልጅ ላይ ወደቀ። እናቷ ሉዊዝ ለቀን ሥራ ስትወጣ ሕፃናቱን የምትይዝ በርናዴት ነበረች፤ ታናሿ ቷኔት ትምህርት ቤት ስትሄድ እርሷ በቤት ቀረች። በ1855 ኮሌራ አድቅቋት ነበር፤ አስምም ዕድሜዋን ሙሉ አልለቀቃትም። በሴፕቴምበር 1857 ከቤቱ አንድ አፍ እንዲቀነስ በባርትሬስ መንደር ወደምትኖረው የቀድሞ አጥቢዋ ቤት ተልካ በግ ጠባቂ ሆነች። ሴትየዋ ማታ ማታ ትምህርተ ክርስቶስ ልታስጠናት ሞከረች፤ ነገር ግን መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ነው፣ ልጅቱም የምታውቀው የአገሬውን ቋንቋ ብቻ ነው። በመጨረሻም አይገባትም ብላ ተወቻት።

አንዳንድ ገድል ጸሓፊዎች ይህን አለማወቅ እንደ ጌጥ ያቀርቡታል። እኛ አንስማማም። ልጅቱ ትምህርት አልናቀችም፤ ፊደል የነፈጋት የአባቷ ሥራ ማጣት ነው። በጃንዋሪ 1858 ወደ ሎርድ የተመለሰችውም ራሷ ለምና ነው፤ ለመማርና ለመጀመሪያው ቅዱስ ቍርባን ለመብቃት። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ የኔቨር ደናግል ለድኾች ልጆች በነፃ በሚያስተምሩበት ክፍል ከትንንሾቹ ጋር ተቀመጠች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን፣ ትምህርት በሌለበት ዕለት፣ እንጨት ልትለቅም ወጣች። በዋሻው እስከ ጁላይ 16 ድረስ ለ18 ጊዜ የሆነውን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ጁን 3 ቀን ቈረበች። በ1860 ደናግሉ በቤታቸው ተቀብለው ማንበብና መጻፍ በሚገባ አስተማሯት፤ በዓመቱ ያየችውን በገዛ እጇ ጻፈች።

በ1866 ኔቨር ገዳም ገብታ ሕሙማንን አገለገለች፤ ኤፕሪል 16 ቀን 1879 በ35 ዓመቷ ዐረፈች። ዲሴምበር 8 ቀን 1933 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ቅድስናዋን ዐወጁ።