ማዕረግ ያልጠየቀው ሐኪም

ከብዙ ዘመን በፊት ስለሞተ አንድ የጦር ሜዳ ሐኪም ያነበብኩትንና ንባቡም በራሴ ሥራ ላይ ያሳደረብኝን የኅሊና ወቀሳ ለመግለጽ በዚህ አምድ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ እየተቀበልኩ መዝገብ የምመራ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ቀን ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከመስኮቴ ፊት ቆመው ሳለ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ አንድ ሰው የአለቃዬን ሰላምታ ይዘው ደረሱ። እኔም ሽማግሌውን ትቼ የእኒህን መዝገብ አነሣሁ። ያ ጉዳይ ሲጓተት ፈራሚው ሹም ወጡ፤ ሽማግሌውም ሰኞ እንዲመለሱ ነገርኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። በሰው አገር ሦስት ሌሊት የት እንደሚያድሩ አልጠየቅሁም።

በዚያው ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ተቀምጬ የፈረንሳዊውን የዶሚኒክ ዣን ላሬን ታሪክ አነበብኩ። ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ አሳስባለሁ።

ላሬ በ1766 ዓ.ም. በፒሬኔ ተራሮች ሥር ባለች ቦዴያን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበረ። አባቱን ገና በልጅነቱ ስላጣ፣ በ13 ዓመቱ በቱሉዝ ከተማ ሐኪም ወደ ሆነው አጎቱ ሄዶ የቀዶ ሕክምናን ሙያ ከእርሱ ተማረ። ከዚያም በመርከብ ሐኪምነት እስከ ሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ተጉዞ ተመለሰና በፓሪስ ስመ ጥር ከነበረው ከሐኪሙ ከደሶ ዘንድ ትምህርቱን ቀጠለ።

በ1792 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ በራይን ወንዝ አጠገብ ወደ ዘመተው ጦር ተመደበ። በዚያም ያየው ነገር እጅግ አሳዘነው። የጊዜው ደንብ የሐኪሞቹ ሠረገላ ከውጊያው ቦታ 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንዲቆም ያዝዝ ነበረ። ቁስለኛው የሚነሣው ውጊያው ካበቃ በኋላ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ መሬት ላይ ወድቆ ይቆያል። ባለማዕረጉን ባልደረቦቹ ተሸክመው ያወጡታል፤ ተራው ወታደር ግን ደሙ ፈስሶ እዚያው ይሞታል። ሐኪም ሳይጠፋ፣ መድኃኒትም ሳይጠፋ፣ ሰው በደንቡ ምክንያት ብቻ ይሞት ነበር ማለት ነው።

ላሬ በፈረስ የሚጎተቱት መድፎች ከቦታ ቦታ እንዴት በፍጥነት እንደሚዘዋወሩ ተመለከተ። መድፍ እንዲህ ከሮጠ ሐኪም የማይሮጥበት ምክንያት የለም ብሎ፣ በራሪ አምቡላንስ የተባለውን ሠረገላ አሠራ። ባለሁለት እግሩ ሠረገላ ሁለት ቁስለኛ፣ ባለአራት እግሩ አራት ቁስለኛ አስተኝቶ ይጭናል፤ መንገዱ እንዳያንገላታቸውም ከሥሩ ሞላ ተደርጎለታል። በ1798 ዓ.ም. ከናፖሌዎን ጋር ወደ ግብፅ በዘመተ ጊዜ ሠረገላው በአሸዋው ላይ ስላልሆነለት ቁስለኞቹን በግመል ቅርጫት አስጫነ።

ነገር ግን ከሠረገላው ይልቅ የሚበልጠው የሠራው ሥርዓት ነው። ላሬ ቁስሉ የከፋበት ሰው አስቀድሞ ይታከም፤ ቁስሉ የቀለለው፣ ጄኔራልም ቢሆን፣ ይቆይ ብሎ ወሰነ። የጠላት ወገን ቁስለኛም በዚሁ ሥርዓት ይታከም ነበረ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በሽተኛ እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለየው ይህንኑ የመሰለ አሠራር በመከተል ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ማደንዘዣ አልነበረምና ሐኪም የሚመሰገነው በእጁ ፍጥነት ነበረ። በ1812 ዓ.ም. በሩሲያ በቦሮዲኖ ውጊያ ላሬ በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ያህል ሰዎችን እጅ ወይም እግር መቁረጡን ራሱ ጽፏል። ይህን ሲያደርግ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ የተሰባበረ አካል ቶሎ ካልተቆረጠ ቁስሉ መርቅዞ ሰውን እንደሚገድል በልምድ ስለተረዳ ነው። ጦሩ ተሸንፎ ሲመለስ በቤሬዚና ወንዝ ድልድይ ላይ ሰው እየተረጋገጠ ሲያልቅ፣ ወታደሮቹ ላሬን ባወቁት ጊዜ በእጃቸው እየተቀባበሉ በራሳቸው ላይ አሻገሩት። ሰው ለራሱ ነፍስ በሚሻማበት ሰዓት ለሌላው መንገድ መስጠቱ፣ ያ ሰው ምን ያህል ውለታ ቢውልለት ነው?

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በ1813 ዓ.ም. የሆነው ነው። በሳክሶኒያ ከተደረጉት ውጊያዎች በኋላ ከ2,600 በላይ ወታደሮች በእጃቸውና በጣታቸው ላይ ቆስለው ተገኙ። የጦር አለቆቹ እነዚህ ወጣቶች ከውጊያ ለማምለጥ ራሳቸውን አቍስለዋል ብለው ከሰሷቸው። ናፖሌዎንም ክሱን አመነ፤ ቅጣቱም ሞት ሊሆን ይችል ነበረ። ላሬ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ቁጣ ሳይፈራ እያንዳንዱን ወታደር ከሌሎች ሐኪሞች ጋር መረመረ። መርምሮም፣ ያልሠለጠኑት ምልምሎች በሦስት ረድፍ ቆመው ሲተኩሱ የኋለኛው ረድፍ የፊተኛውን እጅ እንደሚመታ አስረዳ፤ ወንጀልም እንደሌለ በጽሑፍ አቀረበ። ናፖሌዎን የጠበቀው መልስ ይህ አልነበረም፤ ሆኖም እውነቱን ተቀብሎ ላሬን ሸለመው።

በ1815 ዓ.ም. በዋተርሎ ላሬ በፕሩሲያ ወታደሮች ተማረከና እንዲረሸን ተፈረደበት። አንድ የጀርመን ሐኪም ግን ቀድሞ በበርሊን ሲያስተምር ሰምቶት ስለነበረ አወቀውና ወደ ጄኔራል ብሉኸር አቀረበው። የብሉኸርን ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ቆስሎ ሲማረክ ያከመው ላሬ ኖሯል! በዚህም ሕይወቱ ተረፈ። ናፖሌዎን በስደት ሲሞት በኑዛዜው 100,000 ፍራንክ ተወለት፤ ካወቃቸው ሰዎች ሁሉ በምግባር የሚበልጥ መሆኑንም መሰከረለት። ላሬ በ1842 ዓ.ም. በአልጄሪያ ያሉትን ሆስፒታሎች ጎብኝቶ ሲመለስ በሊዮን ከተማ ሞተ።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ እኛ በጦር ሜዳ ላይ አይደለንም፤ ከመስኮታችን ፊት ደም አይፈስም። ነገር ግን ከገጠር የመጣ ሰው ስንቁ ሲያልቅ፣ እርሻው ሲያልፍበት፣ ያም ቁስል ነው። ያነበብኩት ታሪክ ያስተማረኝ ተራ መጠበቅን ብቻ አይደለም። ከተራም በላይ፣ ማን ቢዘገይ ይበልጥ ይጎዳል ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ተረዳሁ። አቅመ ደካማው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ሩቅ አገር ተመላሹ መቅደም አለባቸው። የአለቃ ሰላምታ ግን ቁስል አይደለም፤ ይቆያል።

ሽማግሌው ሰኞ ጧት ተመልሰው መጡ። በሩ ሳይከፈት ቀድመው ቆመው አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጉዳያቸውን ጨርሼ ወረቀታቸውን ስሰጣቸው ሰዓቴን ተመለከትኩ፤ የወሰደብኝ ሩብ ሰዓት ብቻ ነበረ። ያችን ሩብ ሰዓት ነው ዓርብ ዕለት የነፈግኋቸው።

የሥራ ጓደኞቼም ነገ ና ከማለታቸው በፊት እንዲህ ያለውን ሩብ ሰዓት እንዲያስቡት በማክበር አሳስባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ