ሐኪም ዳተንና የመዥገር ንዳድ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ባላገር ግርሻ የሚባለውን በሽታ ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቀዋል። ስሙም ከግብሩ ወጣ። የታመመው ሰው በድንገት ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ወገቡንና ጕልበቱን ይቈረጥመዋል፤ ገላውም እንደ እሳት ይፈጃል። አምስት ወይም ስድስት ቀን ከተኛ በኋላ ብርቱ ላብ ያልበውና ትኵሳቱ ይለቀዋል። ቤተ ሰቦቹም እንደ ዳነ ቈጥረው ደስ ይላቸዋል፤ እርሱም ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ወደ እርሻው ይወጣል። ዳሩ ግን አንድ ሳምንት ያህል ሲያልፍ በሽታው ያገረሽበትና እንደ ገና ከመደብ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ግርሻ ተባለ።

ይህ ደዌ ችጋርና ጦርነት በሚሆንበት ዘመን፥ በክረምትም ድኻ ከብርድ ለመጠጋት በአንድ ጠባብ ቤት ተጨናንቆ በሚያድርበት ጊዜ ይበረታል። ከምን እንደሚመጣ ግን ለብዙ ዘመን የተሰወረ ነበረ። አንዱ ከችጋር የመጣ ነው ሲል ሌላው ከክፉ አየር የመጣ ነው ይል ነበር።

በ1868 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ኦቶ ኦበርማየር የሚባል ወጣት ሐኪም የግርሻ ሕመምተኞችን ደም በማጕሊያ መነጽር ሲመለከት እንደ ተጠማዘዘ ፈትል ሆኖ የሚወራጭ እጅግ ቀጭን ፍጥረት አየ። ይህን ያየው ትኵሳቱ በበረታ ጊዜ ብቻ ነበረ፤ ትኵሳቱ ሲለቅ ፈትሉም ከደሙ ይጠፋል። በ1873 ነገሩን ጽፎ ገለጠ፤ በዚያው ዓመት ኮሌራን ሲመረምር ኮሌራ ይዞት ሞተ። ዕድሜውም 30 ዓመት ነበረ። የበሽታው ፍጥረት እንዲህ ሆኖ ታወቀ፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሰው በምን መንገድ እንደሚሄድ ግን ገና አልታወቀም ነበር። ከመንገዱም አንዱን ያገኘው ጆሴፍ ኤቨረት ዳተን ነው። ከዚህ በታች ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ ፊተኛው የአውሮፓ ነው።

ዳተን በእንግሊዝ አገር በቸሽር አውራጃ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1874 ተወለደ። የሕክምናን ትምህርት በሊቨርፑል ተምሮ በ1897 ፈጸመ። ሊቨርፑል የመርከብ ወደብ ናት። ከምዕራብ አፍሪካ የዘንባባ ዘይትና ሌላም ሸቀጥ ጭነው የሚመጡ መርከቦች ከሸቀጡ ጋራ በንዳድ የታመሙ መርከበኞችን ያመጡ ነበር። ስለዚህም በ1898 የቆላ በሽታ የሚመረመርበት ትምህርት ቤት በዚያች ከተማ ተመሠረተ። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን በ1897 በህንድ አገር ያገኘው ሮናልድ ሮስ ከአስተማሪዎቹ አንዱ ነበረ። ያ ትምህርት ቤት መምህራኑንና ተማሪዎቹን በከተማ አስቀምጦ መጽሐፍ ብቻ አላስነበበም፤ በሽታው ወዳለበት አገር ይልካቸው ነበር እንጂ።

ዳተንም በ1900 ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ ወባን ለመመርመር ወደ ናይጄሪያ ሄደ። በ1901 ደግሞ ብቻውን ወደ ጋምቢያ ተላከ። በዚያ አገር በወንዙ ላይ የምትመላለስ አንዲት መርከብ አለቃ ለብዙ ጊዜ በንዳድ ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ የወባ መድኃኒት ሰጡት፤ አልጠቀመውም። ፎርድ የሚባለው የአገሩ ሐኪም በደሙ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ትል የሚመስል ነገር አይቶ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ቀረ። ዳተን በደረሰ ጊዜ ሁለቱ ሐኪሞች ተመካከሩና ዳተን ደሙን ደጋግሞ መረመረ። ያም ፍጥረት ከብቶችን ገንዲ በሚባለው በሽታ ከሚገድለው ጋራ አንድ ወገን መሆኑን ዐወቀ። ስሙንም በአገሩ ስም ጋምቢያዊ ብሎ ሰየመው። ብዙ የአፍሪካ ሕዝብ የፈጀው የእንቅልፍ በሽታ ከዚህ ፍጥረት የሚመጣ መሆኑ ወዲያው በተከታዩ ዘመን ተገለጠ። ዳተን በዚያ ጊዜ 27 ዓመቱ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚህ ክብር ረክቶ በአገሩ መቀመጥ ይችል ነበር።

እርሱ ግን በ1903 የእንቅልፍን በሽታ ለመመርመር ጆን ቶድ ከሚባል የካናዳ ተወላጅ ሐኪምና ከሌላ አንድ ሐኪም ጋራ ወደ ኮንጎ ሄደ። ከወንዙ አፍ ጀምረው በጀልባና በእግር ወደ ላይ እየወጡ በየመንደሩ የሕመምተኛውን ደም እየወሰዱ ይመረምሩ ነበር። በ1904 መጨረሻ ስታንሊ ፏፏቴ ወደሚባለው ስፍራ ደረሱ፤ ዛሬ ኪሳንጋኒ የተባለችው ከተማ ያለችበት ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ መንገደኞች የመዥገር ንዳድ ብለው የሚፈሩት በሽታ ነበረ።

ይህ መዥገር በላምና በበሬ ጆሮ ተጣብቆ ቀን ሙሉ እንደሚውለው የደጋ መዥገር አይደለም። ቈዳው ለስላሳና የተጨማደደ ነው፤ ዐይን የለውም፤ ቀን በጎጆው መሬት ትቢያና በግድግዳው ስንጥቅ ተሸሽጎ ይውላል። ሌሊት ሰው ሲተኛ ይወጣና ጥቂት ጊዜ ደም መጥቶ ተመልሶ ይሸሸጋል። የተነከሰው ሰው በነጋ ጊዜ ምንም አያገኝም። ምግብ ሳያገኝ ለብዙ ዓመት መኖር ይችላል። የአገሩ ሰዎች ንክሻው ንዳድ እንደሚያመጣ ከጥንት ያውቁ ነበር፤ ዴቪድ ሊቪንግስተንም በ1857 ባሳተመው የመንገዱ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ጽፏል። ዳሩ ግን ብዙ የአውሮፓ ሰዎች የባላገርን ወሬ ንቀው ሳይመረምሩት ቀሩ። ዳተንና ቶድ አልናቁትም።

ሁለቱ ሐኪሞች መንገደኞች ከሚያድሩባቸው ጎጆዎች ወለል መዥገሮችን ለቅመው በጦጣ ገላ ላይ አኖሩና ደም አስመጠጧቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ጦጣው በንዳድ ታመመ፤ ከደሙም ጠብታ ወስደው በመነጽር ቢያዩት ኦበርማየር ያየውን የመሰለ የተጠማዘዘ ፈትል ተገኘበት። እንዲህ ከሆነ በሽታው ከመዥገር መምጣቱ የተረጋገጠ ነበረ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀረ። በጎጆው ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሕመምተኛ ሳያድርበት መዥገሩ በሽታውን ከወዴት ያገኛል? ስለዚህ የታመሙት መዥገሮች የጣሉትን ዕንቍላል ለብቻው አኖሩ። ዕንቍላሉ ተፈልፍሎ፥ ከማንም ደም ያልቀመሱት ጫጩቶች በደኅና ጦጣ ላይ ተደረጉ። ያም ጦጣ ታመመ። እናቲቱ በሽታውን ለልጆቿ በዕንቍላል ውስጥ ታወርሳለችና አንድ የተመረዘ ጎጆ ሰው ባይኖርበትም ለብዙ ዓመት እንደ ተመረዘ ይኖራል።

በዚያው በ1904 ሮስና ሚልን የሚባሉ ሌሎች ሐኪሞች በኡጋንዳ ንዳዱ ከመዥገር እንደሚመጣ አግኝተው ነበር፤ ይህ ሮስ ግን የወባው ሮስ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋሲ ያገኘው ታላቁ ሐኪም ሮበርት ኮህም በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ሲመረምር ከዚህ ነገር ደርሷል፤ መንገደኞችም ድንኳናቸውን ከአሮጌው ማደሪያ ጥቂት ራቅ አድርገው ቢተክሉ ከንዳዱ እንደሚድኑ አመለከተ። ብዙ ሰዎች አንዱን እውነት በአንድ ዘመን ሲያገኙት ማን ቀደመ እያሉ መከራከር የተለመደ ነው። ክርክሩ ለሕመምተኛው የሚጠቅመው ነገር የለም።

ዳተንና ቶድ በሚመረምሩት በሽታ ሁለቱም ታመሙ። በዚያ ዘመን ለዚህ ንዳድ የሚሆን መድኃኒት አልነበረም፤ ለወባ የሚሰጠው ኪኒን እርሱን አይነካውም። ትኵሳቱ ይለቃል፤ ይመለሳል፤ የመዥገር ንዳድ ከሌላው ግርሻ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይመላለሳልና የሰውየው ጕልበት በየጊዜው ይደክማል። ሥራቸውን ግን አልተዉም። እየታመሙም ካሶንጎ ወደምትባለው ከተማ ደረሱ፤ ዳተን በዚያ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1905 ሞተ። ዕድሜው እንደ ኦበርማየር 30 ዓመት ብቻ ነበረ። የተቀበረውም ከአገሩ ርቆ በዚያች ከተማ ነው።

ቶድ ድኖ ወጣ። የሁለታቸውን ምርመራ ጽሕፈት በሁለታቸው ስም በዚያው ዓመት አሳተመ። የሞተ ሰው አይከራከርምና ክብሩን ለራሱ ብቻ ሊያደርገው በቻለ ነበር፤ እርሱ ግን የባልንጀራውን ስም አስቀደመ። ኋላ በካናዳ አስተማሪ ሆኖ እስከ 1949 ኖረ። በ1906 ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች ያንን የተጠማዘዘ ፈትል በዳተን ስም ጠሩት፤ ዛሬም ሐኪሞች ቦረሊያ ዳቶኒ ይሉታል።

የኢትዮጵያ ደጋ ግርሻ ግን በመዥገር ሳይሆን በቅማል የሚሄደው ወንድሙ ነው። ይህን ያሳየ የመጀመሪያው ምርመራ በህንድ አገር በናሲክ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሆነ። በ1907 ማኪ የሚባል ሐኪም ከወንዶቹ ልጆች ብዙዎቹ ሲታመሙ ከሴቶቹ ጥቂቶች ብቻ መታመማቸውን አየ። ምግባቸውና ውሃቸው ያው ነበረ፤ በወንዶቹ ልብስ ግን ቅማል በዝቶ ነበር። በኋላ ቅማል ወደ ሴቶቹ ሲገባ እነርሱም ታመሙ። በ1912 ደግሞ በቱኒስ ሻርል ኒኮልና ረዳቶቹ ሌላ ነገር አገኙ። የቅማል ንክሻ ብቻውን በሽታውን አያስተላልፍም፤ ተሐዋሲው በቅማሉ ገላ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው ያለው። ሰው ቅማሉን በጥፍሩ ሲደፈጥጥ፥ ሲፎክትም በተላጠው ቈዳ ይገባበታል። በጋቢና በቡልኮ ስፌት የተሸሸገውን ቅማል በአውራ ጣት ጥፍር መጨፍለቅ በደጋው አገር የተለመደ ነው፤ አደጋው በዚህ አለ። ልብሱን በፈላ ውሃ መቀቀል ግን ቅማሉንም ቅጫሙንም ያለ አደጋ ይፈጃል።

በሽታውን ለይቶ ማወቅም ቀላል አይደለም። የስማዳና የጋይንት ሰው ለአረምና ለአጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርዶ በትኵሳት ታሞ ሲመለስ ወባ፥ ተስቦ ወይም ግርሻ ይሆናል፤ በዐይን አይቶ መለየት አይቻልም። ከጣቱ ደም ተወስዶ በመስተዋት ላይ ተቀብቶ በመነጽር መታየት አለበት። ደሙም ትኵሳቱ ባለበት ጊዜ መወሰድ ይገባዋል፤ ትኵሳቱ ሲለቅ ከተወሰደ ተሐዋሲው አይታይምና ሕመምተኛው ደኅና ነው ተብሎ ሊሰናበት ይችላል። መድኃኒቱ ዛሬ ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ነው። በዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተሐዋሲዎቹ በብዛት ሲሞቱ ሕመምተኛው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትኵሳቱ ይወጣል፤ ኋላም የደሙ ግፊት ይወድቃል። አንዳንድ ሰው በዚህ ሰዓት ይሞታል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ወስዶ ወዲያው ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም፤ በሐኪም ዐይን ሥር ይተኛል። በአዲስ አበባ የሠሩ ሐኪሞች 62 ሕመምተኞችን በዚህ አኳኋን መርምረው በ1970 ውጤቱን አሳተሙ፤ ጽሕፈታቸውንም የሌላ አገር ሐኪሞች ይማሩበታል። መድኃኒት ያላገኘ ግርሻ በክፉ ዘመን ከመቶው ሕመምተኛ እስከ 40 ይገድላል፤ መድኃኒት ካገኘ ግን የሚሞተው ከመቶ ከ5 ያነሰ ነው።

ዳተን ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ቪሊ ቡርግዶርፈር የሚባል ተማሪ በዳተን ስም የተጠራው ተሐዋሲ በመዥገር ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር መርምሮ የማዕረግ ጽሕፈቱን ጻፈ። ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያ አገር ላይም በምትባል መንደርና በአካባቢዋ ከ1975 ጀምሮ የብዙ ልጆች ጕልበት የሚያብጥበት በሽታ ሐኪሞችን ያስጨንቅ ነበር። በ1981 ቡርግዶርፈር ከሣር ላይ የተሰበሰቡ መዥገሮችን ሆድ ከፍቶ ሌላ ነገር ሲፈልግ ያንኑ የሚመስል የተጠማዘዘ ፈትል አየ። ወጣት ሳለ የዳተንን ተሐዋሲ ባያውቅ ኖሮ ምን እንዳየ ባላስተዋለም ነበር። የላይም በሽታ ምንጭ እንዲህ ተገኘ።

ይህኛው ግን ከግርሻ ይልቅ ተሸሻጊ ነው። በደም ጠብታ ውስጥ በመነጽር አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሐኪም በመጀመሪያ በንክሻው ዙሪያ እየሰፋ የሚሄደውን ቀይ ክብ ምልክት ይፈልጋል፤ ቈይቶም ከሆነ ገላው ተሐዋሲውን ለመዋጋት ያበጀውን ነገር በደሙ ይመረምራል። በጊዜ የተገኘ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት መድኃኒት ይድናል። አንዳንዶች መድኃኒቱን ፈጽመው ሳለ ድካሙና ቍርጥማቱ ለወራት አይለቃቸውም፤ ምክንያቱም ገና ተጣርቶ አልታወቀም። መድኃኒቱን ለብዙ ወር ያስረዘሙት ሕመምተኞች ካላስረዘሙት ጋራ ሲመዛዘኑ ጥቅም አልተገኘላቸውም፤ ጥቂቶቹም ከመድኃኒቱ የተነሣ ሌላ ጕዳት አገኛቸው።